አዲስ ካሜራ ሰርግ ላይ ከመውጣቱ በፊት እንዴት ይፈተሻል?

"ካሜራ ገዛሁ፣ ቅዳሜ ሰርግ አለኝ፣ ይዤው ልውጣ?" ይህ ጥያቄ ደጋግሞ ይደርሰኛል። አንዳንዱ ሐሙስ ማታ ነው የሚደውለው። መልሴ ሁሌም አንድ ነው፦ ይዛችሁት ውጡ፣ ግን እስክትፈትሹት ድረስ ዋናው ካሜራ አታድርጉት። ከዚያ "እሺ እንዴት ነው የምፈትሸው?" ይከተላል። ለእያንዳንዱ ሰው በስልክ መዘርዘር አልቻልኩም፤ ስለዚህ ጻፍኩት።

ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ነገር ልብ በሉ። የምትፈልጉት ካሜራው የቱ ጋ እንደሚከዳችሁ ነው። የማይከዳ ካሜራ የለም። አንዱ ጨለማ ውስጥ፣ አንዱ ሙቀት ላይ፣ ሌላው ኤልኢዲ መብራት ሥር ይከዳል። ቦታውን ቤታችሁ ሆናችሁ ካወቃችሁት ሥራ ላይ ዞር ብላችሁ ታልፉታላችሁ። ቀለበት ሲደረግ ካወቃችሁት ግን ሙሽሮቹን "አንዴ ይደገም" አትሏቸውም።

ሙሉ ፍተሻው ሁለት ግማሽ ቀንና አንድ ምሽት ይወስዳል። ምሽቱን አትዝለሉት፤ ብዙው ጉድ የሚወጣው ያኔ ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ካሜራው፣ ሥራ ላይ የምትጠቀሙባቸው ሌንሶች በሙሉ፣ ፍላሽና ትሪገር (ፍላሹን ከርቀት የሚያበራው)
- ቢያንስ ሁለት ባትሪ
- ሥራ ላይ የምትጠቀሙባቸው ሚሞሪ ካርዶች ራሳቸው (የተዋሳችሁትን ካርድ ብትፈትሹ ስለ ራሳችሁ ካርድ ምንም አታውቁም)
- የማይወዛወዝ ትራይፖድ
- ጽሑፍ የበዛበት ጋዜጣ፣ ሁለት ሦስት ሉክ፣ ከፕላስተር ጋር
- ነጭ ኤ4 ወረቀት፣ ማስመሪያ፣ የእጅ መዳፍ የምታህል መስታወት
- በእጅ የሚጨመቅ የአየር መንፊያ
- ፎቶ የምትሠሩበት ላፕቶፕ
- ነጭ ነጠላ ወይም ሀበሻ ቀሚስ ለብሶ ሊቀመጥላችሁ የሚችል ሰው
- ደብተርና እስክሪብቶ

ደብተሩን ችላ አትበሉት። ከፍተሻው በኋላ እጃችሁ ላይ የሚቀረው እሱ ላይ የጻፋችሁት ቁጥር ነው።

ማስጠንቀቂያ

- ካርቶኑን፣ ፕላስቲኩንና ደረሰኙን ፍተሻው እስኪያልቅ አትጣሉ። ጎደሎ ያለ ካርቶን ይዞ ሄዶ "ቀይሩልኝ" ማለት ከባድ ነው።
- በረጅም ሌንስ ወደ ፀሐይ አትደግኑ። ሴንሰሩንም (ብርሃኑን ተቀብሎ ፎቶ የሚያደርገውን ክፍል) ዓይናችሁንም ሊያቃጥል ይችላል።
- አዳራሽ ውስጥ የሌዘር መብራት ካለ ጨረሩ በቀጥታ ሌንስ ውስጥ እንዳይገባ ተጠንቀቁ። አንድ ጨረር ሴንሰር ላይ የማይጠፋ መስመር ሊተው ይችላል።
- ሴንሰርን በአፍ አትንፉበት። ምራቅ ይረጭበታል። በጨርቅ፣ በጥጥ፣ በጣትም አትንኩት።
- ፈርምዌር (የካሜራውን የውስጥ ፕሮግራም) ስታዘምኑ ባትሪው ሙሉ ይሁን። መሀል ላይ ከጠፋ ካሜራው ጨርሶ ላይነሳ ይችላል።

ደረጃ 1፦ ካርቶኑን ስትከፍቱ ስልካችሁ እየቀረጸ ይሁን

ከማሸጊያው ጀምሮ በስልክ ቪዲዮ ቅረጹት። በኋላ ጭረት ወይም ጎደሎ ዕቃ ቢገኝ ማስረጃችሁ ያ ነው። ካርቶኑ ላይ ያለው ሴሪያል ቁጥር ካሜራው ላይ ካለው ጋር አንድ መሆኑን እዩ፤ ፎቶ አንሱት። ካሜራው ቢሰረቅም የሚያስፈልጋችሁ ቁጥር ይኸው ነው።

ዕቃው ከዱባይ ወይም ከአሜሪካ በሰው የመጣ ከሆነ ሁለት ነገር ተመልከቱ። ቻርጀሩ ላይ 100–240 ቮልት የሚል ጽሑፍ መኖሩን አረጋግጡ፤ የእኛ 220 ነው። ዋስትናው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው በተገዛበት አገር ብቻ ስለሆነ፣ ችግር ካለ ያመጣው ሰው ሳይመለስ ነው መታወቅ ያለበት። ለዚህ ነው ፍተሻውን "ሲመቸኝ" ብላችሁ አታሳድሩት የምለው።

ያገለገለ ካሜራ ከሆነ የሻተሩን (ብርሃን ለማስገባት የሚከፈተውንና የሚዘጋውን መጋረጃ) ቆጠራ ጠይቁ። ሻተሩ ለ200,000 ጊዜ ተብሎ የተሠራ ካሜራ በአንድ ሰርግ 3,000 ፎቶ ብታነሱበት ከ66 ሰርግ በኋላ ገደቡ ላይ ይደርሳል። ደርሶ ወዲያው ይቆማል ማለት አይደለም፤ ዋጋ ስትከራከሩ ግን ይህን ሒሳብ አስቡት።

ደረጃ 2፦ ባትሪ፣ ፈርምዌር፣ ሰዓት

ባትሪውን ሙሉ በሙሉ ሙሉት። ፈርምዌሩን ከአምራቹ ድረ ገጽ ብቻ አውርዳችሁ አዘምኑ። አዲስ ካሜራ ሱቅ ከመግባቱ በፊት ወራት መጋዘን ውስጥ ሊከርም ይችላል፤ በዚያ መሀል አምራቹ የፎከስና የሙቀት ችግሮችን አስተካክሎ ሊሆን ይችላል። ሳታዘምኑ ከፈተሻችሁት የድሮውን ካሜራ ነው የፈተሻችሁት።

ከዚያ ሰዓቱን አስተካክሉ። ብዙ ሰው ይንቀዋል። ሁለት ሆናችሁ ስትሠሩ ፎቶዎቹን ኮምፒውተር ላይ በቅደም ተከተል የሚያስቀምጣቸው ሰዓቱ ነው። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ እናንተ 9:00 ብላችሁ ሞልታችሁ ረዳታችሁ በሐበሻ አቆጣጠር 3:00 ብሎ ከሞላ፣ የእሱ ፎቶዎች 6 ሰዓት ወደ ኋላ ይሄዳሉ። ኬክ ሲቆረስ ሙሽራዋ ገና ስትኳኳል ታገኟታላችሁ። እኔ የስልኩን የ24 ሰዓት አቆጣጠር እጠቀማለሁ፤ ኮምፒውተሩም የሚያውቀው እሱን ነው። ሰከንድ የሚያሳይ የስልክ ሰዓት በሁለቱም ካሜራ አንሱና አወዳድሩ። ልዩነቱ ከ1 ሰከንድ መብለጥ የለበትም።

ሜኑ ውስጥ የቪዲዮ ሥርዓቱንም እዩ። ከአሜሪካ የመጣ ካሜራ ኤንቲኤስሲ ላይ ነው የሚመጣው። ወደ ፓል ቀይሩት። ምክንያቱን ደረጃ 8 ላይ ታገኙታላችሁ።

ደረጃ 3፦ ሚሞሪውን እስከ አፉ ሙሉት

ገበያ ላይ 128 ጊጋ ተብሎ ተጽፎበት ውስጡ 16 ወይም 32 ብቻ የሆነ ካርድ አለ። ካሜራው 128 ነው ብሎ ያሳያችኋል። የመጀመሪያዎቹ ፎቶዎች በደንብ ይቀመጣሉ። እውነተኛው መጠን ሲያልቅ ግን አዲሱ ፎቶ በድሮው ላይ ይጻፋል ወይም ይበላሻል፤ ካሜራው ምንም አይነግራችሁም።

መፈተኛው ቀላል ነው። ለዊንዶውስ ኤች2ቴስትደብልዩ፣ ለማክና ለሊኑክስ ኤፍ3 የሚባሉ ነፃ ፕሮግራሞች አሉ። ካርዱን እስከ መጨረሻው ይጽፉበታል፣ ከዚያ መልሰው ያነቡታል። ጊዜ ይወስዳል፤ ማታ አስጀምራችሁ ተኙ። ካርዱ ላይ ያለው ሊጠፋ ስለሚችል አስቀድማችሁ ገልብጡ።

ቀጥሎ ፍጥነት። ካርዱ ላይ ቪ30 ካለ በሰከንድ ቢያንስ 30 ሜጋ ባይት ሳያቋርጥ ይጽፋል ማለት ነው፤ ቪ60 ደግሞ 60። ካሜራችሁ 4ኬ ቪዲዮ በ100 ሜጋ ቢት የሚቀርጽ ከሆነ በሰከንድ 12.5 ሜጋ ባይት ነውና (8 ቢት አንድ ባይት ነው) ቪ30 ይበቃል። በ400 ሜጋ ቢት ከሆነ 50 ይደርሳል፤ ቪ30 መሀል ላይ ሊያቋርጥባችሁ ይችላል። ካርዱን አስገብታችሁ ልትሠሩበት ባሰባችሁት ጥራት 20 ደቂቃ ቅረጹ። ካልቆመ ጥሩ ነው።

ካሜራው ሁለት የካርድ ቦታ ካለው ሁለቱም ላይ አንድ ላይ እንዲጽፍ አድርጉት። ከዚያ አንዱን አውጥታችሁ ሌላው ላይ ፎቶዎቹ መኖራቸውን እዩ። ሜኑ ላይ "ባክአፕ" ስላለ ብቻ አትመኑ።

ደረጃ 4፦ ሴንሰሩ

የሌንሱን ክዳን ግጠሙ። አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 100፣ ሻተር 1/60 ሰከንድ አድርጋችሁ አንሱ። ኮምፒውተር ላይ በሙሉ መጠን ክፈቱት። ጥቁር ላይ ቀይ፣ ሰማያዊ ወይም ነጭ ነጥብ ካለ ሁለተኛ አንሱ፤ እዚያው ቦታ ከተደገመ የፒክስል ችግር ነው። በ30 ሰከንድ ብታነሱ ግን ጥቂት ነጥቦች መታየታቸው የተለመደ ስለሆነ አትደንግጡ። አንዳንድ ካሜራዎች ሜኑ ውስጥ ፒክስል ማፒንግ (የተበላሸውን ነጥብ የሚሸፍን) አላቸው፤ ከመመለሳችሁ በፊት ሞክሩት።

ለአቧራ ደግሞ ኤፍ 16 አድርጉ (የሌንሱ ቀዳዳ ይጠብባል)፣ ፎከሱን ሆን ብላችሁ አጥፉና ነጭ ወረቀት ወይም ጥርት ያለ ሰማይ አንሱ። አቧራ ደብዘዝ ያለ ግራጫ ነጥብ ሆኖ ይታያል። ፎቶው ላይ ከላይ በግራ ያለው ነጥብ ሴንሰሩን ከፊት ስታዩት ከታች በግራ ነው ያለው። ካሜራውን ወደ ታች ደፍታችሁ በአየር መንፊያው ንፉት። ካልለቀቀ ለባለሙያ ስጡት።

ደረጃ 5፦ ሌንሱ፣ በጋዜጣ

ጋዜጣዎቹን ግድግዳ ላይ ሳይሸበሸቡ ለጥፉ፤ አራቱም ማዕዘን በፎቶው ውስጥ ይሙላ። ካሜራውን ትራይፖድ ላይ አድርጉ። ካሜራው ከግድግዳው ጋር ትክክል ፊት ለፊት መሆኑን ለማወቅ መስታወቷን ጋዜጣው መሀል ላይ ለጥፋችሁ እዩ። የራሳችሁ ሌንስ ነጸብራቅ በፎቶው መሀል ላይ ከታየ ቀጥ ብሏል። ወደ ጎን ከሄደ ካሜራው ዘምሟል፤ ያኔ ሌንሱን ያለ ጥፋቱ ትከሱታላችሁ።

ማረጋጊያውን (የእጅ መንቀጥቀጥን የሚያካክሰውን) አጥፉ፣ የ2 ሰከንድ ታይመር ተጠቀሙ። ሌንሱ በሚከፈትበት መጨረሻ (ኤፍ 1.8 ወይም 2.8)፣ ከዚያ በኤፍ 4፣ ከዚያ በኤፍ 8 አንሱ። በየዙሩ ፎከሱን አዲስ አሲዙት። ኮምፒውተር ላይ አራቱን ማዕዘኖች እርስ በርስ አወዳድሩ።

ሌንሱ ሙሉ ሲከፈት አራቱም ማዕዘን እኩል ትንሽ ቢደበዝዙ የሌንሱ ባሕርይ ነው፣ ችግር የለውም። ሦስቱ ጥርት ብለው አንዱ ብቻ ብዥ ካለ ግን ጠርጥሩ። ካሜራውን ገልብጣችሁ ደግማችሁ አንሱ። ብዥታው ከካሜራው ጋር ተገልብጦ ከሄደ ሌንሱ ነው፤ ጋዜጣው ላይ እዚያው ከቀረ አቀማመጣችሁ ነው። ሌንሱ ከሆነ መልሱት። የቤተሰብ ፎቶ ላይ ጫፍ የቆመው አጎት ዕድሜ ልኩን ብዥ ብሎ መቅረት የለበትም።

ደረጃ 6፦ ፎከስ፣ በሚንቀሳቀስ ሰው

መስተዋት ያለው ዲኤስኤልአር ከሆነ ማስመሪያውን 45 ዲግሪ አጋድማችሁ አንዱ ቁጥር ላይ ፎከስ አድርጉ። ጥርት ያለው ቁጥር ካነጣጠራችሁበት ፊት ወይም ኋላ ከሆነ ሜኑ ውስጥ ያለውን የፎከስ ማስተካከያ ተጠቀሙ። መስተዋት በሌለው ሚረርለስ ላይ ይህ ችግር ብዙም አይታይም።

ዋናው ፈተና ሰው ነው። አንድ ሰው ከ10 ሜትር ወደ እናንተ እንዲራመድ አድርጉ። ቀጣይ ፎከስና የዓይን ፎከስ አብርታችሁ 20 ፎቶ በተከታታይ አንሱ። ስንቱ ዓይን ላይ እንደያዘ ቁጠሩና ጻፉ። ከዚያ ሰውየው መስኮት ከጀርባው እንዲሆን አድርጋችሁ ድገሙ። ከዚያ መብራት ቀንሳችሁ። ከዚያ ግማሽ ፊቱን በነጠላ ሸፍኖ።

ዓይነ ርግብ ካገኛችሁ በእሱም ሞክሩት። ብዙ ካሜራ ከዓይኑ ይልቅ ጨርቁን ይይዛል። የእናንተው እንዲህ ካደረገ፣ የሙሽራዋ ዓይነ ርግብ ፊቷ ላይ እስካለ ድረስ ፎከሱን በአንድ ነጥብ እናንተ ራሳችሁ እንደምትመርጡ ከአሁኑ ታውቃላችሁ።

ደረጃ 7፦ ነጭ ልብስና የፊት ቀለም

የውጭ አገር የካሜራ ፍተሻ ቪዲዮዎች ይህን ብዙም አያሳዩአችሁም። እኛ የምናነሳው ጠይም ፊት በነጭ ሀበሻ ልብስ ተከቦ ነው። ካሜራ ፎቶውን ወደ መካከለኛ ብርሃን መጎተት ይወዳል። ነጭ ሲበዛበት "ብርሃን በዛ" ብሎ ያጨልማል፤ ፊቱ ይጠቁራል። ጥቁር ካባ የለበሰ ሙሽራ ሲያገኝ ደግሞ "ጨለመ" ብሎ ያበራል፤ ካባው ላይ ያለው የወርቅ ጥልፍ ይቃጠላል። እያንዳንዱ አምራች የሚጎትትበት መጠን ስለሚለያይ የካሜራችሁን ጠባይ ማወቅ አለባችሁ።

እኔ እናቴን ነው የማስቀምጣት። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ነጠላዋን አጣፍታ መስኮት አጠገብ ትቀመጣለች፣ ብርሃኑ ከጎን ይመታታል። ካሜራውን በአውቶማቲክ ልኬት አድርጌ ከ-3 እስከ +3 በአንድ አንድ ስቶፕ (በየእርምጃው ብርሃኑን በእጥፍ እየጨመርኩ) አነሳታለሁ። ሰባት ፎቶ ብቻ ነው፤ እሷ ግን "ልጄ፣ አሁንም አልጨረስክም? ቡናው ቀዘቀዘ" ትለኛለች። ዜሮ ላይ ነጠላው ልክ ነው፣ ግንባሯ ላይ ያለው መስመር ግን ጨለማ ውስጥ ገብቷል። +1 ላይ ፊቷ ብርሃን ያገኛል፣ ጉንጯ ላይ ያለው ሞቅ ያለ ቡናማ ይወጣል። +2 ላይ የነጠላው ጥለት ከነጩ ጋር መቀላቀል ይጀምራል። +3 ላይ ጥለቱ የለም።

ይህን በሮው (ካሜራው ባልጨመቀው ጥሬ ፋይል) አንሱት፤ ጄፔግ ብቻ ከሆነ የጠፋ ነጭ አይመለስም። ኮምፒውተር ላይ ሰባቱንም ወደ አንድ ብርሃን አምጧቸው። +2 ላይ የጠፋው ጥለት ሲያወርዱት ተመለሰ? -2 ላይ የጨለመው ፊት ሲነሳ ንጹሕ ሆነ ወይስ ወደ አረንጓዴ ሄደ? ጥለቱ የሚመለስበት የመጨረሻው ቁጥር የካሜራችሁ ገደብ ነው። ደብተሩ ላይ በትልቁ ጻፉት። ጥለት የሌለው ነጠላ የአቡጀዲ ቁራጭ ነው የሚመስለው፤ ሙሽራዋ ደግሞ ለዚያ ጥለት ወራት ሸማኔ ጠብቃለች።

የፊቱን ቀለም በካሜራው ስክሪን አትፍረዱ። ያው ሰው አጠገባችሁ ቁጭ ብሎ ሳለ ላፕቶፑ ላይ እያያችሁ አወዳድሩ። ወደ ቀይ ወይም ወደ ግራጫ የሚጎትት ከሆነ የቀለም ፕሮፋይሉን ቀይራችሁ ድገሙት።

ደረጃ 8፦ ምሽት፣ ኤልኢዲ መብራት ሥር

ይህን ደረጃ የጻፍኩት በራሴ ላይ ከደረሰው ተነስቼ ነው። አዲስ ካሜራ ነበር። ድምፅ እንዳያሰማ ብዬ ኤሌክትሮኒክ ሻተር ላይ አድርጌው አዳራሽ ገባሁ። ስክሪኑ ትንሽ ስለሆነ ምንም አልታየኝም። ቤት ገብቼ ስከፍተው በቀለበቱ ፎቶዎች ላይ ከዳር እስከ ዳር ጥቁርና ወይን ጠጅ መስመሮች ተጋድመው ነበር። በሙሽራው ፊት ላይ ሦስት መስመር። የሚስተካከል አልነበረም።

ምክንያቱ ይህ ነው። የእኛ ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ስለሆነ መብራቱ በሰከንድ 100 ጊዜ ከፍ ዝቅ ይላል። ዓይናችን አያየውም። ኤሌክትሮኒክ ሻተር ደግሞ ፎቶውን ከላይ እስከ ታች መስመር በመስመር ነው የሚያነበው። አንዱ መስመር መብራቱ ከፍ ሲል፣ ሌላው ዝቅ ሲል ይነበባል። መስመሩ የሚመጣው ከዚያ ነው። በ1/100 ስታነሱ እያንዳንዱ መስመር አንድ ሙሉ ዙር፣ በ1/50 ሁለት ሙሉ ዙር ስለሚያገኝ ሁሉም እኩል ይሆናል። ከ1/100 ከፈጠናችሁ ግን ዙሩ ይቆረጣል።

አሠራሩ፦ ማታ አንድ ኤልኢዲ አምፖል ብቻ አብሩ፤ ነጭ ግድግዳ ላይ አነጣጥሩ። በ1/50፣ 1/100፣ 1/125፣ 1/250፣ 1/500 እና 1/1000 በእያንዳንዱ 10 ፎቶ አንሱ። መጀመሪያ በሜካኒካል፣ ቀጥሎ በኤሌክትሮኒክ ሻተር። መስመር የት ላይ እንደጀመረ ጻፉ። ፀረ ብልጭታ የሚል ምርጫ ካለ አብርታችሁ ድገሙ።

እንደ ኒኮን ዚ8 እና ዚ9 ያሉት ሜካኒካል ሻተር የላቸውም። ሴንሰራቸው በጣም በፍጥነት ስለሚያነብ ችግሩ ይቀንሳል፤ ሆኖም ፈትሹት።

የቤት አምፖል ግን የአዳራሽ መብራት አይደለም። የመድረክ ኤልኢዲና ከሙሽሮቹ ጀርባ ያለው ትልቅ ስክሪን በሌላ ፍጥነት ነው የሚበሩት፤ 1/100 እዚያ ላያድናችሁ ይችላል። ስለዚህ ከሰርጉ በፊት ባለው ቀን፣ ዲኮር የሚሠሩት ልጆች ገብተው ሳለ አዳራሹ ሂዱ። መብራቱን የሚይዘውን ልጅ በትህትና "ወንድሜ፣ ለአምስት ደቂቃ የማታውን መብራት አብራልኝ" በሉት። እስካሁን እምቢ ያለኝ የለም። መብራት ጠፍቶ ጄነሬተር ሲነሳ ድግግሞሹ ሊዋዥቅ ስለሚችል ያኔም ሁለት ሦስት ፎቶ አንስታችሁ በስክሪኑ አጉልታችሁ እዩ።

ለቪዲዮም ያው ነው። ፓል ላይ 25 ፍሬም በ1/50 ከእኛ መብራት ጋር ይስማማል። ኤንቲኤስሲ ላይ 30 ፍሬም በ1/60 ግን ግድግዳው ላይ የሚንሳፈፍ ጥላ ያመጣል። አሜሪካ ወይም ሳውዲ አረቢያ የምትሠሩ ወገኖች ተቃራኒውን አድርጉ፤ እዚያ ኤሌክትሪኩ 60 ኸርዝ ነው፤ 1/60 እና 1/125 ይሻላችኋል።

ደረጃ 9፦ አይኤስኦ እስከ ስንት?

እዚያው ምሽት አንድ ሰው ደብዛዛ መብራት ሥር አስቀምጡ። ከ800 ጀምራችሁ 1600፣ 3200፣ 6400፣ 12800፣ 25600 እያላችሁ አንሱ። ሻተሩን እየቀየራችሁ ብርሃኑ እኩል ይሁን።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ኮምፒውተር ላይ በጣም አጉልቶ በማየቱ ነው። ደንበኛው የሚያየው አልበም ነው። 30 በ40 ሳንቲ ሜትር ገጽ በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ሲታተም የሚፈልገው ወደ 17 ሚሊዮን ፒክስል ብቻ ነው። ፎቶዎቹን ወደዚያ አሳንሱ፣ 3200ውን፣ 6400ውንና 12800ውን አሳትሙና እጃችሁ ላይ አድርጋችሁ እዩ። ስክሪን ላይ አሸዋ የተበተነበት የሚመስለው ወረቀት ላይ ብዙ ጊዜ አይታይም። ጥላው ወደ ወይን ጠጅ ከሄደ ወይም ፀጉሩ አንድ ጥቁር ጭቃ ከሆነ ግን ገደባችሁ ከእሱ በታች ነው። ካሜራውን በአውቶ አይኤስኦ ከዚያ እንዳያልፍ ገድቡት።

ደረጃ 10፦ ፍላሽ

ነጭ ግድግዳ ላይ በ1/160፣ 1/200፣ 1/250 እና 1/320 አንሱ። ከታች ወይም ከላይ ጥቁር ሰቅ የጀመረበት ፍጥነት የፍላሹን ገደብ አልፏል ማለት ነው። የሌላ ፋብሪካ ትሪገር ከሆነ መመሪያው ላይ ካለው ቁጥር ቀድሞ ሊጀምር ይችላል። ከዚያ በግማሽ ኃይል በየ5 ሰከንዱ 30 ጊዜ አብሩት፤ ስንት ጊዜ ሳይበራ እንደቀረ ቁጠሩ። በኤሌክትሮኒክ ሻተር ብዙ ካሜራ ላይ ፍላሽ ጨርሶ አይበራም፤ "ፍላሼ ተበላሸ" ብላችሁ ከመሮጣችሁ በፊት እሱን እዩ።

ደረጃ 11፦ ሙቀትና ባትሪ

በእኩለ ቀን ፀሐይ ላይ በምትሠሩበት ጥራት ቪዲዮ አስጀምሩና ካሜራው ራሱ እስኪቆም ተዉት። የቆመበትን ደቂቃ ጻፉ። በጥላ ድገሙት። አንዳንዶቹ በስንት ሙቀት እንደሚጠፉ ሜኑ ውስጥ መምረጥ ያስችላሉ፤ ከፍተኛውን ስትመርጡ ካሜራው እጅ ላይ ስለሚግል ትራይፖድ ላይ ብቻ ተጠቀሙበት። አዲስ አበባ ላይ ያልቆመ ካሜራ ድሬዳዋ ሊቆም ይችላል። ቆላ ሥራ ካላችሁ በቁጥሩ ላይ አትተማመኑ።

ባትሪው በአንድ ሙሌት ስንት ፎቶ እንዳነሳም ጻፉ። ፓወር ባንክ ተሰክቶ ካሜራው እየሠራ መሆኑን ሞክሩ፤ አንዳንዱ የሚሞላው ሲጠፋ ብቻ ነው።

ደረጃ 12፦ ፋይሉ ይከፈታል?

አንድ የሮው ፎቶ አሁኑኑ ላፕቶፓችሁ ላይ ክፈቱ። የቆየ ላይትሩም (የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም) የአዲስ ካሜራ ሮው አያነብም። ወይ ፕሮግራሙን አዘምኑ፣ ወይ በአዶቢ ነፃ መቀየሪያ ወደ ዲኤንጂ (የቆየው ፕሮግራም ወደሚያነበው የሮው ዓይነት) ቀይሩት። ሰኞ 3,000 የማይከፈት ፋይል ይዞ መቀመጥ ምን ዓይነት ጭንቀት እንደሆነ ደውለው የነገሩኝ ልጆች አሉ።

ደረጃ 13፦ እጃችሁን አልምዱ

ቁልፎቹን የድሮው ካሜራችሁ ላይ በነበሩበት ሁኔታ አስተካክሉ። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ አይኤስኦ፣ ሻተርና የፎከስ ነጥብ ለመቀየር ሞክሩ። ሦስት ምሽት፣ በቀን 10 ደቂቃ።

ደረጃ 14፦ የመጀመሪያው ሰርግ

አዲሱን ሁለተኛ ካሜራ አድርጉት። ጠዋት ሙሽራዋ ቤት፣ ዝግጅቱን፣ ጫማውን፣ አበባውን፣ ሚዜዎቹን በእሱ አንሱ። መናፈሻ ላይም ይሁን፤ እዚያ ቢበላሽ እንደገና ማንሳት ይቻላል። ተክሊል፣ ቃል ኪዳን፣ ቀለበትና ጉልበት መሳም በድሮው ይሁኑ። ከሁለት ሰርግ በኋላ ቦታ ቀያይሯቸው።

ተደጋጋሚ ስህተቶች

- *ሁሉንም ነገር አንድ ላይ መቀየር።* አዲስ ካሜራ፣ አዲስ ሌንስ፣ አዲስ ካርድ ይዞ መውጣት። ችግር ሲመጣ የማን እንደሆነ አይታወቅም። ሌንሱን በድሮው ካሜራ፣ ካሜራውን በድሮው ሌንስ ፈትሹ።
- *ቀን ብቻ መፈተሽ።* ቀን ሁሉም ካሜራ ጎበዝ ነው።
- *የካሜራውን ስክሪን ማመን።* ስክሪኑ ፎቶውን ከሆነው በላይ አሳምሮ ያሳያል። ሂስቶግራሙን (የብርሃኑን ስርጭት የሚያሳየውን ግራፍ) አብሩ፤ ፎከሱን አጉልታችሁ እዩ።
- *አዳፕተር መርሳት።* የድሮ ሌንስ በአዳፕተር የምትጠቀሙ ከሆነ ደረጃ 5ን እና 6ን ከነአዳፕተሩ ድገሙ። የላላ አዳፕተር አንዱን ጎን ብዥ ያደርጋል።
- *ካርዱን ኮምፒውተር ላይ ፎርማት ማድረግ።* በምትሠሩበት ካሜራ ውስጥ አድርጉት።
- *የፍተሻ ቅንብሩን ሳይመልሱ መውጣት።* ማረጋጊያው ጠፍቶ፣ ታይመሩ 2 ሰከንድ ላይ፣ ኤክስፖዠሩ +3 ላይ እንደሆነ ሰርግ ቤት የገባ ልጅ አውቃለሁ። ፍተሻው ሲያልቅ ካሜራውን ወደ መነሻ ቅንብሩ መልሱና የራሳችሁን ከባዶ ሙሉ።

የጻፋችሁትን ወደ አንድ ትንሽ ወረቀት ገልብጡ፦ የአይኤስኦ ገደብ፣ የነጩ ጥለት የሚመለስበት የመጨረሻው ቁጥር፣ ኤልኢዲ ሥር የሚሠራው ሻተር፣ የፍላሹ ፍጥነት፣ ቪዲዮው የሚቆምበት ደቂቃ። አምስት መስመር ነው። የካሜራው ቦርሳ ክዳን ውስጠኛው ክፍል ላይ በፕላስተር ለጥፉት፤ ረዳታችሁም እንዲያየው።